አልፋ ቅንጣት ግድግዳውን እንዴት ያልፋል?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ጆርጅ ጋሞው የአልፋ ጨረርን ምስጢር በኳንተም መካኒክስ እንዴት ፈታው? በእሱ መንገድ የቶሪየም 232ን ግማሽ ዕድሜ ሳሰላ፣ ከትክክለኛው 14 ቢሊዮን ዓመት አራት እጥፍ ገደማ በልጦ ይወጣብኛል። የት ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ከዩራኒየም ኒውክለስ የሚወጣው አልፋ ቅንጣት (ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን) ጉልበቱ 4.2 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። የፊዚክስ ሊቁ ራዘርፎርድ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ጉልበት ያላቸውን አልፋዎች ከውጭ ቢወረውርም ኒውክለሱ ገፍቶ መለሳቸው። ታዲያ ደካማው ከውስጥ እንዴት ወጣ? ጋሞው በ1928 እ.ኤ.አ. ጎቲንገን ሳለ፣ ገና በ24 ዓመቱ፣ መልሱን አገኘ፦ የቅንጣቱ ሞገድ ግድግዳው (በኒውክለሱ ዙሪያ ያለው የጉልበት እንቅፋት) ውስጥ ይመነምናል እንጂ አይጠፋም፤ ስለዚህ አልፋው ውጭ የመገኘት ትንሽ ዕድል አለው። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ገርኒና ኮንደንም በዚያው ዓመት ለብቻቸው ደርሰውበታል።

ወደ ስሌትህ እንምጣ። ለጉልበቱ 4.01 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያስገባህ ይመስለናል፤ እሱ የአልፋው ድርሻ ብቻ ነው። ራዲየም ሆኖ የሚቀረው ኒውክለስ ወደ ኋላ ሲፈናጠር የሚወስደውን ጨምረህ 4.08 አስገባ። ይህች ትንሽ ልዩነት ብቻዋን ውጤቱን አራት እጥፍ ገደማ ትለውጣለች፤ ጉልበቱ ያለው ኤክስፖነንቱ ላይ ነውና። በኒውክለሱ ሬዲየስም ተጠንቀቅ፦ 5 በመቶ ብታሳንሰው ግማሽ ዕድሜው ሰባት እጥፍ ገደማ ይረዝማል። የምታስገባው የኒውክለስ ኤሌክትሪክ ቻርጅም የሚቀረው የራዲየም 88 እንጂ የቶሪየም 90 አይደለም።

ስሌቱ ከውጭ ወደ ውስጥም ይሠራል። የፊዚክስ ሊቁ ኮክሮፍት ከጋሞው ስሌት ኒውክለስ ውስጥ ለመግባት በጥቂት መቶ ሺህ ቮልት የተገፋ ፕሮቶን እንደሚበቃ ተረዳ፤ በ1932 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ዋልተን ጋር ካምብሪጅ ውስጥ የሊቲየምን ኒውክለስ ሰነጠቁ።