ጅቡን ሙሉውን አታሳዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ሐረር ጁገል ውስጥ በስልክ ለምትቀርጪው የሆረር (አስፈሪ) ድራማ ኢንትሮ፣ ማለትም ርዕሱ የሚወጣበትን መክፈቻ፣ ሠርተሻል። ራስ ቅል፣ ደምና ጭስ አስገብተሽበት ጓደኞችሽ ሳቁ። ምን ጎደለው ነው ያልሽው። እኔ እንጀራዬ እዚህ ድሬ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው፤ ሆረር ግን ሱሴ ነው፤ እስቲ የማውቀውን ልንገርሽ።

ራስ ቅል የማያስፈራው ገና ሲታይ ስለሚታወቅ ነው። ዓይን "ምንድን ነው?" ብሎ ሳይጨርስ መልሱን ካገኘ ይዝናናል። መልሱን አዘግዪበት። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የጀመረውን "አሜሪካን ሆረር ስቶሪ" የተባለውን ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ሲዝን ኢንትሮ እዪው። የሠራው ካይል ኩፐር ነው፤ የ1995ቱን "ሰቨን" ፊልም መክፈቻ የሠራው ሰውዬ። ምድር ቤት ውስጥ ነን። ብልቃጥ፣ የሕፃናት የድሮ ፎቶ፣ ነጭ የሕፃን ቀሚስ። ፎቶና ቀሚስ ማንን ያስፈራል? ግን ካሜራው ከልክ በላይ ተጠግቷል፣ ዙሪያው ጨለማ ነው፣ ልትለዪው ስትይ ይቆረጣል። ሰውነትሽን ውርር የሚያደርግሽ እሱ ነው።

አጫጭሮቹን ምስሎች 8 ፍሬም ያህል አድርጊያቸው፤ ቪዲዮሽ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከሆነ 8 ፍሬም የሰከንድ ሲሶ ነው። ለማየት ይበቃል፣ ለማረጋገጥ አይበቃም። ሁሉንም እኩል ግን አትቁረጪ፤ ዓይን ምቱን ከለመደ ይረጋጋል። ከአጫጭሮቹ በኋላ ምንም የማይንቀሳቀስበት አንድ ምስል ላይ ዝም ብለሽ ቆዪ። ተመልካቹ ራሱ የሆነ ነገር መፈለግ ይጀምራል።

ደግሞ አቦ፣ ሐረር ተቀምጠሽ ራስ ቅል ከኢንተርኔት ታወርጃለሽ? ማታ ጅብ ከሚመግቡት ሰዎች ጋር ሂጂ። ጅቡ ከእጅ ሲበላ ሙሉውን ካሳየሽ የቱሪስት ቪዲዮ ነው የሚሆነው፤ ሐረር ውስጥ ማንም አይደነግጥለትም። ሁለት ዓይን ብቻ አሳዪ። የጅብ ዓይን ከውስጥ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው፤ የሚመልሰው ግን ወደ መጣበት አቅጣጫ ስለሆነ መብራቱን ከሌንሱ አጠገብ ያዢው። ጎን ላይ ካቆምሽው ዓይኑ አያበራልሽም።

የጁገልን ግድግዳ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ቅረጪው፤ ስንጥቁ ሁሉ ጥላ ያወጣል። ጨለማ የግድ አይደለም። የ2008ቱ "ትሩ ብለድ" ተከታታይ ድራማ ኢንትሮ ውስጥ የሞተ ቀበሮ በተፋጠነ ምስል ሲበሰብስ ታያለሽ፤ ኢንትሮው ሁሉ ጨለማ አይደለም።

ፊደሉ ላይ ደም የሚንጠባጠብበትን ፎንት ተዪው፣ በእናትሽ። የ2016ቱ "ስትሬንጀር ቲንግስ" ተከታታይ ድራማ ኢንትሮ ከፊደል በስተቀር ምንም የለበትም። መጀመሪያ የርዕሱ ቀይ ፊደሎች በጣም ስለቀረቡ የሚታየው ቁርጥራጭ መስመር ነው፤ ቀስ እያሉ ተገጣጥመው ስም ይሆናሉ። ለኛ ፊደል ይሄ የተመቸ ነው። ለ፣ በ እና ሰ እግራቸው ብቻ ሲታይ አይለዩም። የቡ ቅጥያ ደግሞ ለብቻዋ ከጨለማ ስትወጣ ማን ፊደል ናት ይላል? ርዕስሽን በዚህ መንገድ ሞክሪው፤ ሙሉ ስሙ መጨረሻ ላይ ብቻ ይነበብ።

ርዝመቱን ከ30 ሰከንድ አታሳልፊው። በስልክ የሚያይ ሰው ትዕግሥት የለውም፣ ጣቱ ይቀድማል።