«ምርመራው ሁሉ ደህና ነው፣ እኔ ግን ደህና አይደለሁም»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ38 ዓመት መምህርት ነኝ። አምና ክረምት ላይ ኮቪድ ይዞኝ ነበር፣ ተመርምሬ ነው ያወቅኩት። ብዙም አልጠናብኝም፣ በሳምንቱ ተነሳሁ። ከዚያ ወዲህ ግን እንደ በፊቱ አይደለሁም። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ክፍል ስገባ ልቤ ድው ድው ይላል። ሰሌዳ ፊት ቆሜ ልጽፈው ያሰብኩት ቃል ይጠፋኛል። ቅዳሜ ልብስ ካጠብኩ ደግሞ ሰኞ ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል። ራጅ ተነሳሁ፣ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) እና የደም ምርመራም አደረግኩ፣ ሁሉም «ኖርማል» ነው። አንድ ሐኪም «ጭንቀት ነው፣ ስፖርት ሥሪ» አለኝ። አሁን ባለቤቴም እንደሱ ማሰብ ጀምሯል። እውነት ችግሩ ከጭንቀት ነው?
መምህርቷ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ የጻፍሽው ነገር ሎንግ ኮቪድ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ትርጉም፣ ኮቪድ ከያዘ በኋላ ብዙ ጊዜ በ3 ወር ገደማ የሚታይ፣ ቢያንስ 2 ወር የሚቆይና ሌላ በሽታ የማያስረዳው ችግር ነው። በአንድ የደም ምርመራ «ይኸው» ተብሎ የሚረጋገጥ አይደለም። ስለዚህ «ኖርማል» የሚለው ወረቀት ያንቺን ሕመም ውሸት አያደርገውም።

ራጅ የሳንባሽን መልክ ነው የሚያሳየው፣ ኦክስጅን ወደ ደም እንዴት እንደሚያልፍ አያሳይም። እንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ዜኖን የሚባል ጋዝ እያስተነፈሱ በኤምአርአይ ሲያዩ፣ በሲቲ ስካን ደህና የተባለ ሳንባ ላይ ችግር አግኝተዋል። ለዚያ ምርመራ ተሯሯጪ አልልሽም፣ የምርምር መሣሪያ ነው። ኢሲጂውም ቢሆን የተነሳሽው ተጋድመሽ ነው፤ አንቺን የሚያስቸግርሽ ደግሞ ስትቆሚ ነው!

እስቲ ይህን ሞክሪ። 10 ደቂቃ ከተኛሽ በኋላ የልብ ምትሽን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሪ። ከዚያ ተነስተሽ ግድግዳ ተደግፈሽ 10 ደቂቃ ቁሚ፣ በየሁለት ደቂቃው እየቆጠርሽ ጻፊ። ብቻሽን አትሁኚ፣ ከዞረብሽ ወዲያው ተቀመጪ። ምቱ በደቂቃ በ30 ወይም ከዚያ በላይ ጨምሮ እዚያው ከቆየ ወረቀቱን ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ እሱም የደም ግፊትሽን እየለካ ይድገመው። ከኮቪድ በኋላ በብዙዎች ላይ የምናየው ነገር ነው፣ ሕክምናም አለው።

የጣት ኦክስጅን መለኪያ ካለሽ ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ቢል አትደንግጪ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ኢንተርኔት ላይ የምታነቢው 98 ምናምን ቆላ ላለ ሰው ነው።

የደም ምርመራሽ ውስጥ ታይሮይድ፣ ስኳርና የብረት ክምችት መኖራቸውን ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የሚታየው የደም ማነስ ብቻ ነው፣ ክምችቱ ግን ይረሳል። ሳል ካለሽና ከሁለት ሳምንት ካለፈ ቲቢም ይታይ፣ ሁሉን በኮቪድ ማሳበብም አደጋ አለው። የደረት ውጋት፣ ራስ መሳት ወይም የአንድ እግር እብጠት ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ቀልቤን የሳበው የቅዳሜና የሰኞ ነገር ነው። ሠርተሽ ወዲያው ሳይሆን ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ መውደቅ የዚህ በሽታ ዋና ምልክት ነው። ስንፍና እንዲህ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። እንዲህ ለሚሆን ሰው «ጠንክረሽ ስፖርት ሥሪ» የሚለው ምክር ያብሳል፣ እኔም ድሮ ለታካሚዎቼ እል ስለነበር አፍራለሁ። ሥራሽን ቆራርጪው። ሽንኩርት ተቀምጠሽ ክተፊ። ከደከመሽ በኋላ ሳይሆን ሳይደክምሽ እረፊ። የክፍል ፕሮግራምሽ ወደ ምድር ቤት እንዲዛወርልሽም ርዕሰ መምህሩን ጠይቂ፣ የሐኪም ማስረጃ ይረዳሻል።

ባለቤትሽን ደግሞ ቡና ላይ ይህን ገጽ አንብቢለት። የዚህን ሳምንት ልብስ እሱ ይጠብና ሰኞ ጠዋት እንዴት እንደምትነሺ አብራችሁ እዩት። ከዚያ መልሰሽ ጻፊልኝ።