«አሠልጥነን ለሌላ እናስረክባለን» እና ሌሎች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የሰው ሀብት ኃላፊ ነኝ። በየዓመቱ አዲስ የተመረቁ የሒሳብ ባለሙያዎች እንቀጥራለን። አሠልጥነን ለሌላ እናስረክባለን፤ ዓመት ሳይሞላቸው ይለቃሉ። ደመወዝ ለመጨመር አቅም የለንም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የቤት ኪራዩ እንዲህ በናረበት ጊዜ ደመወዙን አቅልለው እንዳያዩት። ግን ልጆቹ የሚለቁት በእሱ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ሲመጡ ወንበር የለም። ኮምፒውተሩ «ይመጣል» እየተባለ ሳምንታት ያልፋሉ። ማንን እንደሚጠይቁ አያውቁም፤ ጥግ ይዘው ስልካቸውን ሲነካኩ ይውላሉ። ዓመታት ለፍቶ፣ የመውጫ ፈተና አልፎ የመጣ ወጣት ልቡ ቢሸፍት አይፈረድበትም።

ለእያንዳንዱ አንድ ነባር ሠራተኛ ይመድቡ። ለነባሩም ከሥራው ይቀንሱለት፤ አለበለዚያ ምደባው ወረቀት ላይ ይቀራል። ከዚያ ትንሽም ብትሆን በስማቸው የምትጠራ ሥራ ይስጧቸው። የአንዱን ባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ማለትም የባንኩን መግለጫ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ማመሳከር፣ ለአዲሷ ልጅ ይተዉላት። ወሩ ሲዘጋ ነባሩ አብሯት ይቀመጥ፤ ያልተመነዘረውን ቼክ ራሷ ፈልጋ ታግኘው። ስህተቷንም በሰው ፊት አይንገሯት።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ብዙ አለቆች ልጁን የሚያነጋግሩት ይህ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ነው። እርስዎ በሦስተኛው ሳምንት ጠርተው «ምን ከበደህ?» ይበሉት።

ጥያቄ፦ ኦርጅናል ዲግሪያቸውን ብንይዝስ?

መልስ፦ እባካችሁ አታድርጉት። ልጁ ቢቆይም ሥራ መፈለጉን አይተውም። ለጓደኞቹም ይነግራል፤ ጎበዞቹ ወደ እናንተ አያመለክቱም።

ጥያቄ፦ ነባር ሠራተኛ ነኝ። አዲስ ልጅ እንዳለማምድ ታዘዝኩ። ደመወዝም ምስጋናም የለውም። ለምን ብዬ?

መልስ፦ ቅሬታህ ተገቢ ነው። ማለማመዱ በሥራ አፈጻጸም ምዘናህ ውስጥ ነጥብ እንዲኖረው አለቃህን በጽሑፍ ጠይቅ። ልጁን ግን አትቅጣው፤ እሱ ምንም አላጠፋም።

ጥያቄ፦ ከተቀጠርኩ አምስት ወሬ ነው። ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ማንሳትና ደብዳቤ ማስፈረም ብቻ ነው። ልልቀቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ሥራ ለይተሽ ጠይቂ። «ሥራ ስጡኝ» ከማለት «የዚህን ወር ፔቲ ካሽ (ለጥቃቅን ወጪ የሚቀመጠውን ጥሬ ገንዘብ) እኔ ልያዘው» ማለት ይሻላል፤ አለቃሽ እንዲህ ሲባል እሺ ለማለት ይቀለዋል። ጠይቀሽ ጠብቀሽ ካልተለወጠ ልቀቂ። የሙከራ ጊዜሽን ስለጨረስሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪ። የሥራ ልምድ ደብዳቤም ያለ ክፍያ ሊሰጡሽ ይገባል፤ የሥራሽ ዓይነት፣ የአገልግሎት ጊዜሽና ደመወዝሽ መጻፋቸውን ሳታረጋግጪ አትውጪ።