ስለ መንተባተብ ጠይቁኝ (ለሚንተባተቡም ለትዳር አጋሮቻቸውም)

ጋሽ መኩ፦ እንደምን አመሻችሁ። ለማታውቁኝ፣ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እንተባተባለሁ፣ እንጀራዬም የንግግር ቴራፒ ነው። ከመቶ አዋቂ አንዱ ገደማ ይንተባተባል፣ ስለዚህ ሁላችሁም የምታውቁት ሰው አይጠፋም። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፦ የሰው ቃል አትጨርሱ። ዛሬ ይሄን ደጋግሜ ነው የምላችሁ።

ሰብለ፦ ጋሽ መኩ ባሌ ይንተባተባል፣ ከተጋባን ገና ነው። ሲይዘው ዝም ስል የጨከንኩበት ይመስለኛል፣ ላግዘው ስል ደግሞ ይከፋዋል። ምን ላድርግ?

ጋሽ መኩ፦ ጠብቂው። ስልክሽን ሳትነካኪ፣ ፊትሽን ሳታጨማድጂ፣ የሚነግርሽን ነገር ስሚ። "ቀስ በል"፣ "ተንፍስ"፣ "አትጨነቅ" የሚሉትን ተያቸው፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲባል የኖረው እሱን ነው። ቃሉ ጠፍቶት አይደለም እኮ፣ ቃሉን በደንብ ያውቀዋል፣ ችግሩ አእምሮ የንግግርን እንቅስቃሴ በሰአቱ የሚያቀናጅበት ላይ ነው፣ በዘርም ይመጣል። ፍርሃት ያባብሰዋል እንጂ አያመጣውም።

ደግሞ አንቺ የምትሰሚው ትንሹን ነው፣ ትልቁ የሚደብቀው ነው። ክትፎ አምሮት "ክ" ስለምትይዘው ሽሮ የሚያዝ ሰው አለ። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት አቅቶት ሌላ ሰው እስኪወርድ ድረስ ሰፈሩን አልፎ በእግሩ የሚመለስ አለ። ስልክ ሲጠራ ካጠገብሽ ተነስቶ የሚሄድ አለ። የሚይዘውን ቃል በሌላ ቃል ይቀይረዋል፣ የገዛ ስሙን ግን በምን ይቀይረዋል? ለዛ ነው "ስምህ ማን ነው" ስንባል ብዙዎቻችን የምንጨነቀው። እንደዚህ የሚደብቅ ሰው ለሰው ደህና ተናጋሪ ነው የሚመስለው፣ ውስጡ ግን ቀኑን ሙሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ሲያሰላ ይውላል፣ ማታ ደክሞት ዝም ካለሽ ኩርፊያ አታድርጊው። ከውጭ ይልቅ ቤት ውስጥ የሚብስበት ከሆነም አትደንግጪ፣ ካንቺ ፊት መደበቁን ትቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ጥሩ ነገር ነው።

እና ራሱን ጠይቂው። ሲይዘው ሳይሆን ሰላም በሆናችሁበት ሰአት "ሲይዝህ ምን ባደርግልህ ደስ ይልሃል" በይው። አንዱ ስልክ ላይ ብቻ አግዢኝ ይላል፣ ሌላው ጭራሽ አትንኪኝ ይላል። የኔን መልስ ይዘሽ ሄደሽ እሱ ላይ አትሞክሪ።

ቢኒ፦ መድሃኒት አለው?

ጋሽ መኩ፦ ለመንተባተብ ተብሎ የጸደቀ መድሃኒት የለም። አለ ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙ።

የሀና እናት፦ ልጄ 4 አመቱ ነው፣ በቅርቡ "እ እ እ እማዬ" ማለት ጀመረ። ደንግጦ ነው ይሉኛል፣ አክስቱ ደግሞ ምላሱ ስር ያለችውን ጅማት አስቆርጪለት አለችኝ።

ጋሽ መኩ፦ አታስቆርጪ! መንተባተብ ከዛች ጅማት ጋር አይገናኝም። ከመቶ ልጅ 5 ያህሉ በዚህ እድሜ ይንተባተባል፣ አብዛኛው በራሱ ይለቀዋል። ግን ወንድ ነው፣ ሴቶች ላይ ቶሎ ነው የሚለቀው፣ አዋቂ ላይ ስትደርሺ ወንዶቹ አራት እጥፍ ገደማ ናቸው። ቤተሰብ ውስጥ መንተባተቡ ሳይለቀው የቀረ ሰው ካለ፣ ወይ ደግሞ ከጀመረው አመት እየተጠጋው ከሆነ፣ ወይ ልጁ ራሱ እየታገለ ፊቱ የሚቀላ ከሆነ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ፣ የንግግር ባለሙያ ፈልጊ። ከ6 አመት በታች ላሉ ልጆች ሊድኮምብ የሚባል ከአውስትራሊያ የመጣ ዘዴ አለ፣ ባለሙያው እየመራ እናትና አባት ቤት ውስጥ የሚሰሩት ነው። እስከዛው ከልጁ ጋር ራስሽ ረጋ ብለሽ አውሪ፣ እሱን ግን "ቀስ በል" አትበይው። ቃሉንም አትጨርሺለት።

ወለተ ማርያም፦ የኔ ወንድም በጸበል ነው የዳነው፣ ለምን እሱን አትነግሯቸውም?

ናቲ፦ ስንት አመቱ ነበር? ትንሽ ልጅ ከነበረ በራሱ የሚለቀው ነበር፣ አሁን ጋሼ የተናገረው እኮ ነው።

ወለተ ማርያም፦ በአይኔ ያየሁትን ልትነግረኝ ነው? እምነት ከሌለህ ዝም በል።

ናቲ፦ እምነትማ አለኝ። እኔን ልጅ እያለሁ ሰባት ቦታ ወስደውኛል፣ ስላልለቀቀኝ "እምነቱ ጎደሎ ነው" ተባልኩ። እኔ እስከ ዛሬ ያልወጣልኝ መንተባተቡ አይደለም፣ እሱ ቃል ነው።

ጋሽ መኩ፦ ሁለታችሁም ተዉ። እህቴ፣ ጸበል ሂዱ፣ እኔም እሄዳለሁ። ልጅን ግን አልዳንክም ብላችሁ በእምነቱ አትክሰሱት። ሙሴ አፈ ኮልታፋ ነኝ እያለ ነው የተላከው።

ሰብለ፦ እንዲህ ካልክማ ለሙሴ አሮን ተናግሮለት የለ? እኔስ ለባሌ ብናገርለት ምን አለበት?

ጋሽ መኩ፦ ጥሩ ጠየቅሽ። ሙሴ እኮ ሌላ ሰው ላክ ብሎ ለምኖ ነው አሮን የተሰጠው። ያንቺ ባል ተናገሪልኝ ብሎሻል?

ከድር፦ በኛም ሱረቱ ጣሃ ላይ ሙሳ የምላሱ ቋጠሮ እንዲፈታለት ዱዓ አድርጓል። አባቴ ሁሌ እሷን ይቀራልኝ ነበር፣ ቃል ሲይዘኝ ግን አንድ ቀን አቋርጦኝ አያውቅም፣ አላህ ይዘንለት።

ጋሽ መኩ፦ አሚን ከድር።

ማርቆስ፦ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የነበረው ባይደን መንተባተቡን እንዴት ነው የተወው?

ጋሽ መኩ፦ ልጅ እያለ መስታወት ፊት ግጥም ይለማመድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም። ቀጥሉ።

ዮናስ፦ ላገባ ነው፣ ቃል ኪዳን ስገባ ያን ሁሉ ሰው ፊት ቢይዘኝስ?

ጋሽ መኩ፦ እንኳን ደስ ያለህ። ከሌላ ሰው ጋር እኩል ሲናገሩ ብዙዎቻችንን አይዘንም፣ ሲዘፍኑም እንደዛው። ስለዚህ የሚያስፈጽመውን ሰው ቀድመህ አናግርና ቃሉን ከሙሽራዋ ጋር አንድ ላይ በሉት። ግን እኔን ከጠየቅከኝ፣ ቢይዝህም ብቻህን በለው። ሲይዝህ አትግፋው፣ ከንፈርህንና ጉሮሮህን ላላ አድርገህ በቀስታ ከቃሉ ውጣ፣ ይሄ ቫን ራይፐር የሚባል ራሱ ይንተባተብ የነበረ አሜሪካዊ ያስተማረው ነው፣ ከባለሙያ ጋር ይለመዳል። ለሚዜዎችህና ለአማቶችህ አሁኑኑ "እኔ እንተባተባለሁ፣ ጠብቁኝ" ብለህ ንገራቸው። አንዴ ከተናገርከው የምትደብቀው ነገር ስለማይኖር ግማሹ ጭንቀት ያኔውኑ ይቀላል።

ቲቲ፦ ባለቤቴ የንግግር ችግር አለበት ምን ይሻላል?

ጋሽ መኩ፦ ምን አይነት ችግር? ከልጅነቱ ነው አሁን የመጣ? አዋቂ ላይ ድንገት የመጣ ከሆነ ዛሬውኑ ሀኪም ቤት ውሰጂው፣ ስትሮክም ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁኔታ በደፈናው ልመልስልሽ አልችልም።

አቢ፦ ጋሼ ግን ሙሉ በሙሉ የሚያድን መድሃኒት የለም?

ጋሽ መኩ፦ ለቢኒ መልሻለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ወደ ላይ አንብቡ።

ረድኤት፦ እኔና እጮኛዬ ስንጣላ እኔ ቶሎ ቶሎ ነው የምናገረው፣ እሱ ይይዘውና "ተይው" ብሎ ይወጣል። አንዳንዴ እየዋሸኝ ነው የሚይዘው ብዬም አስባለሁ።

ጋሽ መኩ፦ የያዘው ሰው ዋሸ ማለት አይደለም፣ ይሄንን ከጭንቅላትሽ አውጪው። ፖሊስም ዳኛም መስሪያ ቤትም በዚህ ስንት ሰው ይጠረጥራሉ፣ ቤቱ ውስጥ እንኳን ይረፍ። ጸብ ላይ የሚገድለው ጥድፊያው ነው። አንቺ በአስር አረፍተ ነገር ስትሄጂ እሱ የመጀመሪያው ላይ ነው ያለው፣ ሲጨርስ ያንቺ ጥያቄ ተቀይሯል፣ ስለዚህ "ተይው" ይላል። ተራ ያዙ፣ እሱ "ጨረስኩ" እስኪል አትናገሪ። በቴሌግራም ልጻፍልሽ ካለ ይጻፍ፣ ግን ሁሉም ጸብ በጽሁፍ እንዳይሆን፣ እሱም መደበቂያ ይሆናል። እና አንድ ነገር አጥብቄ ልበልሽ፣ በንዴት እንዳታስመስይው። ይቅርታ ተጠይቆም አይረሳም።

ሰብለ፦ የመጨረሻ ጥያቄ ጋሽ መኩ፣ እናቱ ሁሌ ቃሉን ትጨርስለታለች። እኔ ምራት ነኝ፣ ምን ልበል?

ጋሽ መኩ፦ መጀመሪያ ለሱ ንገሪው፣ እናቱን ማናገር ያለበት እሱ ነው። ናገሪልኝ ካለሽ ሰው ፊት ሳይሆን ለብቻቸው፣ ቡና እያፈላሽ፣ "እማዬ፣ ራሱ ሲጨርሰው ደስ ይለዋል" በያቸው። ሀምሳ ጊዜ ይረሱታል፣ አትቆጪ፣ እሱን እያየሽ መስማትሽን ቀጥይ።