ስያሜውን ከጥያቄው ጋር ተማሩት

ሥነ ጽሑፍንና ሥነ ምልክትን ማጥናት ለጀመራችሁ ወጣቶች፤

ዕድሜዬን ሥነ ጽሑፍ በማስተማርና የተማሪዎችን ትንተና በማረም አሳልፌያለሁ። ጎበዝ ተማሪዎች «ጠቋሚ»፣ «ዲስኩር»፣ «ኢንተርቴክስቹዋሊቲ» የሚሉ ስያሜዎችን በአንድ አንቀጽ ሲደረድሩ፣ የሚተነትኑት ልብ ወለድ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ ሳይጠቀስለት ገጹ ሲያልቅ ደጋግሜ አይቻለሁ። ያሳዝነኛል፤ ስያሜዎቹ የተፈጠሩት አንባቢ ወደ ጽሑፉ እንዲቀርብ ነበርና። እያንዳንዱን ስያሜ ሊመልሰው ከተነሣው ጥያቄ ጋር እንድትማሩት እለምናችኋለሁ።

ከስዊዘርላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ ከፈርዲናንድ ደ ሶስዩር ልጀምር። በጄኔቭ ያስተማረው ትምህርት በተማሪዎች ማስታወሻ ላይ ተመሥርቶ የታተመው እርሱ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። ቋንቋ ትርጉም የሚሰጠው እንዴት ነው ብሎ ጠየቀ፤ ምልክትንም ለሁለት ከፈለው። ጠቋሚው የድምፁ ምስል፣ ተጠቋሚው ደግሞ ድምፁ በአእምሮ የሚቀሰቅሰው ጽንሰ ሐሳብ ነው። እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ ብዙው ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ነው። «ዛፍ» ስንል ተጠቋሚው መሬት ላይ የበቀለው ግንድና ቅጠል አይደለም፤ የዛፍ ሐሳብ ነው። ድምፁንና ሐሳቡን ያገናኛቸው የተናጋሪዎች ልማድ እንጂ የተፈጥሮ ዝምድና አይደለም። እንዲህ ሲባል ግን ማንም እንዳሻው ይቀይረዋል ማለት አይደለም፤ አንድ ግለሰብ ምልክቱን የመለወጥ ሥልጣን እንደሌለው ሶስዩር ራሱ አስረግጦ ተናግሯል። በተጨማሪም «ዛፍ» የሚለው ቃል ድንበሩን የሚያገኘው ከ«ቁጥቋጦ» እና ከ«ሣር» በመለየቱ ነው። ይህን የልዩነት ሐሳብ በሚገባ የያዘ ተማሪ በኋላ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣክ ዴሪዳ ጋ ሲደርስ፣ ትርጉም ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው እየተላለፈ ለምን አያርፍም እንደተባለ ለመረዳት ብዙም አይቸገርም።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ የጠየቀው ሌላ ነው፦ ምልክት ከሚወክለው ነገር ጋር በምን ይገናኛል? በመመሳሰል ከሆነ አይከን፣ ጭስ ከእሳት ጋር እንዳለው ባለ እውነተኛ ትስስር ከሆነ ኢንዴክስ፣ በልማድ ከሆነ ሲምቦል አለው። አንድ ምልክት በሁለትና በሦስት መንገድ ሊሠራ ይችላል፤ ፎቶግራፍ ሰውየውን ይመስላል፣ ደግሞም ከእርሱ በመጣው ብርሃን የተፈጠረ ነው። ፊልም ወይም ማስታወቂያ የምትተነትኑ ከሆነ ከሶስዩር ይልቅ ፐርስ የሚያግዛችሁ ይመስለኛል።

«የደራሲ ሞት» የሚለውን የፈረንሳዊውን ሃያሲ የሮላን ባርትን ሐሳብ ብዙዎች ማንኛውንም ትርጉም ለመስጠት እንደ ፈቃድ ይወስዱታል። ባርት የተቃወመው የደራሲውን የሕይወት ታሪክና ሐሳብ የትርጉም የመጨረሻ ዳኛ ማድረግን ነው። ዳኛው ሲነሣ የአንባቢው ኃላፊነት ይከብዳል፤ ለሚሰጠው ትርጉም ማስረጃውን ከገጹ ላይ ማምጣት አለበት። የ«እኔ እንደተሰማኝ» ትንተና በባርት ስም መቅረቡን ፈጽሞ አልቀበልም።

አብልጬ የምወደው ግን ፈረንሳዊው የትረካ ተመራማሪ ዤራር ዤኔት እ.ኤ.አ. በ1972 የለያቸውን ሁለት ጥያቄዎች ነው፦ የሚያየው ማን ነው? የሚናገረውስ ማን ነው? ቀላል ይመስላሉ፤ ነገር ግን አንድን ታሪክ ከውስጥ ይከፍታሉ። አንድ ጎልማሳ ተራኪ የልጅነቱን ቤት ይገልጻል እንበል። ቃላቱ የጎልማሳ ናቸው፤ ጠረጴዛው ግን እጅግ ከፍ ያለ ነው፣ የትልልቆቹም ንግግር ትርጉሙ ሳይገባን ያልፋል። ድምፁ የጎልማሳው፣ ዕይታው የሕፃኑ ሆነ ማለት ነው። «ተራኪው አንደኛ መደብ ነው» ብሎ ያለፈ አንባቢ ይህን ክፍተት አያየውም፤ የታሪኩ ሐዘን ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያው ክፍተት ውስጥ ነው።

ስለዚህ የምትወዱትን አጭር ልብ ወለድ አንሡና አንዱን ገጽ ብቻ ምረጡ። የሚያየውና የሚናገረው የተለያዩበትን ዐረፍተ ነገር ሁሉ አስምሩበት። ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ልዩነቱ ምን እንዳስታወቃችሁ ወይም ምን እንደደበቀባችሁ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። «ፎካላይዜሽን» የሚለውን ስያሜ፣ ማለትም ታሪኩ በማን ዕይታ እንደሚቀርብ የሚገልጸውን፣ ከዚያ በኋላ ጨምሩበት።