ይጠፋል፣ ይሰረዛል ወይስ ይፋቃል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ታይዋን አካባቢ ሪሲቨርና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ለተለማማጆቼ አጭር ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። ኢፕሮምን (EPROM፣ ፕሮግራም የሚይዘውንና ይዘቱን አጽድቶ እንደገና መጻፍ የሚቻልበትን አይሲ፣ ማለትም ቺፕ) «የሚጠፋ ማህደረ ትውስታ» ልበለው ወይስ «የሚሰረዝ»?

መልስ፦ «የሚጠፋ» አይበሉት። መብራት ሲሄድ «ጠፋ» እንላለን። ቁልፍም ይጠፋል፣ ስልክም ይጠፋል። ተለማማጁ ያንን ሲያነብ፣ ኃይል ሲቋረጥ የያዘውን የሚለቅ አይሲ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ኢፕሮም መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን ይዞ ይቆያል።

«መሰረዝ»ም ልክ አይመጣም። የተሰረዘ ቃል መስመር ይሰመርበታል እንጂ ከሥሩ ይነበባል። ሰነድ «ስርዝ ድልዝ የሌለበት» ይሁን የሚባለውም ስርዙ ስለሚታይ ነው።

የኔ ምርጫ «መፋቅ» ነው። ቁም ጸሐፊ ብራና ላይ ሲሳሳት ፊደሏን በምላጭ ይፍቃል። ቦታዋን ያለሰልስና እዚያው ላይ መልሶ ይጽፋል። የፊተኛው ሄዷል፣ ብራናው ግን አለ። የምንፈልገው ሐሳብ ይኸው ነው።

እርግጥ የኢፕሮም አሠራር ለሐረር የቁርኣን ተማሪዎች ሉህ (የእንጨት ሰሌዳ) ይቀርባል። ሉሁ ሲታጠብ ሙሉው ይጸዳል። በ1971 እ.ኤ.አ. በቺፕ አምራቹ ኢንቴል ውስጥ ዶቭ ፍሮህማን የፈለሰፈው ኢፕሮምም አናቱ ላይ የኳርትዝ መስኮት አለው። አልትራቫዮሌት ብርሃን በዚያ ሲገባ መረጃውን ይዘው የታሰሩት ኤሌክትሮኖች ይለቃሉ፤ በ20 ደቂቃ ገደማ ሁሉም ባዶ ይሆናል። አንዱን ትቶ አንዱን መፋቅ አይቻልም። እንደ ቁም ጸሐፊው ነጥሎ መፋቅ የሚቻለው በብርሃን ሳይሆን በኤሌክትሪክ በሚፋቀው ኢኢፕሮም (EEPROM) ላይ ነው። ቢሆንም «የሚታጠብ» አይበሉ። ተለማማጁ የሚያውቀው ቦርድ በአልኮል ማጠብን ነው፣ ይምታታበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። «ተፍቆ የሚጻፍ» ሳይሆን «ተፍቆ የሚጻፍበት» ይበሉ። የሚጻፈው ፕሮግራሙ ነው፤ አይሲው የሚጻፍበት ነው። ያቺ «በት» ትልቅ ሥራ ትሠራለች።

«ፍላሽ» የሚባለውን የማህደረ ትውስታ ዓይነት ስም ግን አይንኩት። ደንበኛው «ፍላሽ አድርግልኝ» ብሎ ነው የሚመጣው። ስሙም ከካሜራ ብልጭታ የመጣ ነው፤ ብዙውን ባንድ ጊዜ ስለሚፍቅ።

በማስታወሻዎ ላይ ይህንንም ያስገቡልኝ፦ «መስኮቱን የሸፈነው ስቲከር አይላጥ።» ቀጥታ ፀሐይ ላይ አንድ ሳምንት ያህል የቆየ ኢፕሮም ሊፋቅ ይችላል። በድሬ ፀሐይ ደጃፍ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።