መልስ፦ በሽታ ነው ወይስ አስተሳሰብ?

«ሴት ልጅን ሥራ ቦታዋ ድረስ እየተከተለ የሚያስቸግር ወንድ በሽተኛ ነው ወይስ አስተሳሰቡ ነው?» ብለሽ አንድ ሰው እየተከተለ ስለሚያስቸግራት ጓደኛሽ ለጠየቅሽው፣ እኔ ወደ አስተሳሰቡ አደላለሁ። «እየተግደረደረች ነው፣ ችክ በልባት» የሚሉ ጓደኞች አሉታ! እምቢታዋን እንደ መልስ ሳይሆን እንደ ፈተና ነው የሚሰማው። ታክሲ ተራ ቆሞ ሲጠብቃት፣ ብሎክ ስታደርገው በሌላ ሲም ሲደውል፣ ለራሱ ታማኝ አፍቃሪ ነው። (እኛስ ብንሆን ሰርግ ላይ «ሦስት ዓመት ለምኗት ነው» ሲባል አናጨበጭብም?)

በ1999 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አሲድ የተደፋባትን ወጣት ታስታውሻለሽ? ያደረገው ለዓመታት ሲከታተላት የነበረ ሰው ነው። እህቶቿም ተጎድተዋል። «ይወዳታል እኮ» የሚባለው እዚያ ድረስ ይሄዳል።

የጓደኛሽ ነገር ዛቻ ካለበት መልእክቶቹን አታጥፋ። ስክሪንሾት አንስታ ፖሊስ ጋ ትሂድ፣ ብቻዋን ግን አይሁን።